ኮከብ ጠራጊ

በቺሎኤ ደሴት፣ በቺሌ ደቡብ ጫፍ ላይ፣
ቆርቆሮ ሲደበድብ በሚውል ሰማይ፣
መጥረጊያና ቁልፍ ይዤ የማመሽ ሰው ነኝ እኔ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ባልዲዬ ከጎኔ።

የአምስተኛ ክፍሏ መምህርት ኤዴልሚራ
ክፍልፋይ ስታነሣ ልጁ ሁሉ ሲፈራ፣
ሲያዛጋ፣ ሲቆጥር የመስኮት ጠብታ፣
አንድ ሰኞ ጠዋት ይዛ መጣች የኮከብ ጨዋታ።
ለትክክል መልስ አንድ፣ ለፈጠነ ሁለት፣
ለሳምንቱ አንደኛ ከብስኩት ካርቶን ዘውድ ተቆርጦለት።
ግድግዳው ላይ ስሞች፣ ከጣሪያ እስከ ታች፣
ከየስሙ ፊት ኮከብ፣ ተለጣፊ፣ ብልጭ ያለች።

መጀመሪያማ ጉድ ነበር! ደወል ሰምተው አልወጡ፣
ለአንድ ስምንተኛ ሲሉ እንደ ገበያ ተንጫጩ።
የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ሚሌን ሠላሳ ሞላላት፤
ሁለተኛ የወጣው ጓደኛዋ ሁለት ቀን አላናገራት።

ከሁሉም በታች ግን፣ ወለል ሊነካ ጥቂት የቀረው፣
ኢላሪዮ ሚያሎንኮ ነው፤ ከስሙ ፊት ባዶ ነው።
አባቱ ባሕር ጠላቂ፤
እሱ ሳይነጋ ድንች ቆፍሮ የሚመጣ፣
አስቦ የሚናገር፤ መልሱ ከአፉ እስኪወጣ
ሌላው ኮከቡን ወስዶ ተቀምጧል።
ቀለም አይገባውም አሉት። እጁን ማንሣት ተወ።
ቀጥሎ እርሳሱን ማውጣት ተወ።

ማታ ወለሉን ስጠርግ
ከወንበር ላይ የረገፈው ኮከብ መጥረጊያዬ ላይ ይለጠፋል፣
ጫማዬ ሥር ይገባል፣ ቤቴ ድረስ ይከተለኛል።
ሚስቴ ሳቀች፦ «ሌላው ኮከብ ቆጣሪ፣ አንተ ኮከብ ጠራጊ!»
እኔ አልሳቅሁም።
የኢላሪዮ ወንበር ሥር ንጹሕ ነበር፤ አንድም አልወደቀም።
እኔም በልጅነቴ እንደዚያ ንጹሕ ነበርኩ፤ ለማንም አልነገርኩም።

ለመምህርቷ ነገርኳት፤ ስለ ልጁ አይደለም፣ ስለ ወለሉ ነው።
ዝም አለች። ዓርብ ዕለት ስም ዝርዝሩን አወረደችው።

በኛ አገር ሰው ቀዬ ሲለቅ ጓዙን ብቻ አያነሣም፣
ቤቱን ያነሣል፤ በር መስኮቱን፣ ጣሪያውን ሳያስቀር ምንም።
ከሥሩ ግንድ ያነጥፋል፣ በሬ ይጠምዳል፣ ጎረቤት ይጠራል፤
ሚንጋ ነው፣ የቤት ደቦ፤ ገመድ የያዘ ሁሉ ማታ አብሮ ይበላል።

እሷም የደሴቷን ካርታ ሰቀለች፤ ኮረብታው አናት ላይ
የወረቀት ቤት፣ ከፊቱ ሁለት የወረቀት በሬ።
«ባሕሩ ዳር እናድርሰው» አለች፤ «አንድ ጥያቄ፣ አንድ ጣት።
ግን የምጠራው ልጅ፣ ማንም ይሁን፣
እንዴት እንደ ተሠራ ካልነገረኝ ቤቱ አይነቃነቅም።»

ሚሌን ቸኮለች፤ መልሱን ተናገረች፤ ቤቱ እምቢ አለ፤
የተጠራው ልጅ አልገባውምና።
ያኔ ኢላሪዮ ከኪሱ ድንች አወጣ፤
ቢላ ተፈለገ፤ የኔው ሰንጢ መጣ።
ግማሽ። የግማሽ ግማሽ። ቀስ ብሎ፣ እንደ ልማዱ፤
ማንም አላቻኮለው፤ በሁሉም እጅ ነበር ገመዱ።
ሦስት አራተኛውን ዘርግቶ ሲያሳይ
ሚሌን «እ!» ስትል ሰማኋት በበሩ ላይ።

እንዲህ እንዲህ እያለ፣ በሰኔ ማለቂያ፣
አራት ጣት ቀረው ቤቱ ለባሕሩ መዳረሻ።

አንድ ማታ በሩን ብከፍት ኢላሪዮ ወንበር ላይ ቆሟል።
ስፒሉን ነቅሎ ቤቱን ወደ ኮረብታው
ሰባት ጣት ለክቶ፣ በሬዎቹንም መልሷል።
አየኝ። አየሁት።
ሲወርድ የቆመበትን ወንበር ጠረግሁለት።

ጠዋት መምህርቷ ካርታው ፊት ብዙ ቆየች፤
በወረቀቱ ጣሪያ ላይ የአፈር ጣት አሻራ አየች።
ዞራ ወደኔ፣ ቀጥሎ ወደ ልጆቹ፦
«ሌሊቱን ዘንቦ ነበር» አለች፣ ጠመኔ እያነሣች፤
«በሬዎቹን አዳልጧቸዋል።»